በጀርባዋ ተንጋላ የምትቀር በግ፤ መንሥኤውና መከላከያው

አንዲት በግ በጀርባዋ ወድቃ፣ አራት እግሮቿን ወደ ሰማይ አንሥታ መነሣት ሲያቅታት፣ ከሩቅ ለሚያያት ሰው ነገሩ የሚያስቅ እንጂ የሚያስፈራ አይመስልም፤ ዳሩ ግን ይህች በግ ደርሶ የሚያቃናት ካላገኘች፣ በሽታ ሳይኖርባት፣ አጥንቷ ሳይሰበር፣ አውሬም ሳይነካት፣ በገዛ ሆዷ ታፍና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በጎች በታጠረ ሰፊ መስክ ያለ እረኛ ተለቀው በሚውሉባቸው አገሮች፣ ይልቁንም በታላቋ ብሪታንያ፣ በአየርላንድ፣ በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ፣ ይህን አደጋ የማያውቅ አርቢ የለም ማለት ይቻላል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር ኮረብታማ አገር፣ እንዲህ ሆና የተገኘች በግ «ሪግዌልተር» የሚል የራሷ መጠሪያ እስከ ማግኘት ደርሳለች።

ስለ በግ ሲነገር ሞኝነቷን ማንሣት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ተንጋላ መቅረቷንም የሞኝነቷ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ አስተያየት በጓን ይበድላል። በጀርባዋ የሚያስቀራት የሰውነቷ ቅርጽ፣ የተሸከመችው ጠጉርና በማኅፀኗ ያሉት ግልገሎች ሲሆኑ፣ ሦስቱንም ዛሬ ባሉበት መጠን ያደረሳቸው በአብዛኛው የሰው ምርጫ ነው፤ ስለዚህም ዋናው መከላከያ በጓ ከወደቀች በኋላ በሚደረገው ሩጫ ላይ ሳይሆን፣ ከወራት በፊት አርቢው በሚወስነው ነገር ላይ ይገኛል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በግ ከተኛችበት እንዴት እንደምትነሣ ማስተዋል ይጠቅማል። ለመነሣት የምትፈልግ በግ በመጀመሪያ እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ በደረት አጥንቷ ላይ ትደገፋለች፤ ቀጥሎ በኋላ እግሮቿ መሬቱን ገፍታ ወገቧን ታነሣለች፤ በመጨረሻም ከፊት ጉልበቷ ተነሥታ ትቆማለች። ይህ ቅደም ተከተል የሚሠራው ሆዷ ወደ መሬት ሲሆን ብቻ ነው። በጀርባዋ የሆነች እንደ ሆነ አስቀድማ ወደ ጎኗ መገልበጥ ይኖርባታል፤ ለዚህም ወይ አከርካሪዋን መጠምዘዝ፣ ወይም እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ መሬቱን መግፋት ያስፈልጋታል። ድመትና ውሻ ይህን ያለ ችግር ያደርጉታል። የበግ ወገብ ግን ግትር ነው፤ እግሮቿም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመራመድ የተሠሩ ስለ ሆኑ ወደ ጎን እምብዛም አይዘረጉም። ሰውነቷ የቀለለ ወይም ገና የተሸለተች በግ ጥቂት ተንፈራግጣ ትነሣ ይሆናል፤ ጀርባዋ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ እግሯ አጭር፣ ጠጉሯም ጥቅጥቅ ያለ የሆነች በግ ግን እግሮቿን በአየር ላይ ስታወናጭፍ ኃይሏን ጨርሳ ትቀራለች።

ሆኖም በጀርባ መተኛት በራሱ አይገድልም፤ የሚገድለው በሆዷ ውስጥ የሚታፈነው ጋዝ ነው። በግ እንደ ላምና እንደ ፍየል የሚያመነዥግ እንስሳ ስትሆን ሆዷ አራት ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህም ትልቁ፣ በሆድ ዕቃዋ ግራ ጎን የተንሰራፋው ጨጓራ፣ በእንስሳት ሐኪሞች አጠራር ሩመን፣ የተጋጠው ሣር በዐይን በማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት የሚብላላበት ጎተራ ነው። ሣሩ ሲብላላ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባሉ ጋዞች ያለማቋረጥ ይመነጫሉ፤ መጠናቸውም በላም በሰዓት ከ30 እስከ 50 ሊትር፣ በበግ ደግሞ በሰዓት ወደ 5 ሊትር ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። አምስት ሊትር ጋዝ ለአንዲት በግ ሆድ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ በግ በየጊዜው እያገሳች ስለምታስወጣው አይሰማትም። ግሳት ለሰው ነውር ሊሆን ይችላል፤ ለሚያመነዥግ እንስሳ ግን እንደ መተንፈስ ያለ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ምግብ ከአፍ ወርዶ ወደ ጨጓራው የሚገባበት በር የሚገኘው በጨጓራው የፊተኛ ክፍል፣ ከፍ ብሎ ነው። በጓ በእግሯ ስትቆም ፈሳሹና የተላመጠው ሣር ከታች ይረጋል፣ ጋዙ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጨጓራው ሲኮማተር ጋዙ ወደ በሩ ይገፋል፣ በበሩ ዙሪያ ያሉ ነርቮችም ፈሳሽ እንዳልነካቸው ሲያውቁ በሩ ይከፈትና ጋዙ በግሳት ይወጣል። በጓ ስትንጋለል ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ ቅል ሲደፋ አፉ በውሃ ተይዞ አየሩ ከግርጌው እንደሚታገት ሁሉ፣ በሩ በፈሳሽ ይዋጥና ጋዙ በተቃራኒው በኩል ይታፈናል። ነርቮቹ ፈሳሽ ሲነካቸው በሩን ዘግተው የሚይዙት ፈሳሹ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ለመከላከል ነው፤ በሌላ ጊዜ ሕይወቷን የሚጠብቀው ይህ ሥርዓት አሁን መውጫውን የዘጋባት እርሱ ራሱ ይሆናል።

ጋዙ እየበዛ ሲሄድ ጨጓራው ይነፋል። የተነፋው ጨጓራ በአንድ በኩል ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውንና ለመተንፈስ የሚያገለግለውን ሰፊ ጡንቻ፣ ወደ ፊት ገፍቶ ሳንባ እንዳይሰፋ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል ከኋለኛው የሰውነት ክፍል ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም መላሽ ሥር በክብደቱ ይጫነዋል። ስለዚህ አየርም ደምም በአንድ ጊዜ ያጥራታል። ደክማ ስትዝል ደግሞ ከጨጓራዋ የተመለሰ ፈሳሽ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ከደረሰባት ብትቃናም እንኳ በሳንባ ምች ልትጠፋ ትችላለች። ጊዜው እንደ ሁኔታው ይለያያል። እርጥብ ማገጥ ወይም ለምለም የጸደይ ሣር ጠግባ የወደቀች በግ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስትሞት፣ ሆዷ ያልሞላ በግ እስከ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። የቆየች ሁሉ ታድላለች ማለት ግን አይደለም፤ መንቀሳቀስ የማትችል በግ ቁራዎችን ትስባለችና፣ እነርሱ ገና በሕይወት ሳለች ዐይኗን ይጓጉጧታል፣ ዝንቦችም በቆሸሸው ጠጉሯ ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ በጀርባ መሆን እንዲህ የሚያሰጋ ከሆነ፣ በጓን በኋላዋ አስቀምጦ ጀርባዋን በጉልበቱ ደግፎ የሚሸልታት ሸላች ለምን አይጎዳትም? መልሱ በአቀማመጧና በጊዜው ርዝመት ላይ ነው። በቂጧ የተቀመጠች በግ እግሮቿ መሬት የሚረግጡበት ስለሌላቸው መታገሉን ትታ ጸጥ ትላለች፤ ሸላቹም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ደረቷ ቀና ያለ ስለ ሆነ ጨጓራዋ በሳንባዋ ላይ አይጫንም፣ ሥራውም በጥቂት ደቂቃዎች ያበቃል። እንዲያም ሆኖ ጠንቃቃ አርቢዎች በጎቻቸውን ከሽለታ በፊት ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኖ ይከለክሏቸዋል፤ ባዶ ሆድ ለበጓም ለሸላቹም ይቀልላልና።

የዱር በግ በዚህ አደጋ ስትጠፋ አይሰማም። የቤት በግ ዘመድ የሆነችው ሙፍሎን እግሯ ረጅም፣ ጀርባዋ ጠባብ፣ ጠጉሯም በየዓመቱ በራሱ የሚረግፍ ነው። ሰው በጎችን ማርባት ከጀመረ በኋላ ጠጉራቸው የማይረግፈውን እየመረጠ በማዳቀሉ፣ ብዙዎቹ የሱፍ ዝርያዎች ሸላች ካልደረሰላቸው ጠጉራቸው ያለ ገደብ የሚያድግ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዚላንድ ሽሬክ የሚል ስም የወጣለት፣ ለስድስት ዓመታት ያህል ከሸላቾች አምልጦ በዋሻ ሲደበቅ የኖረ ሜሪኖ በግ ሲገኝ 27 ኪሎ ግራም ሱፍ ተሸክሞ ነበር፤ በ2015 ደግሞ በአውስትራሊያ በካንቤራ አቅራቢያ የተገኘው ክሪስ የተባለ በግ 41.1 ኪሎ ግራም ተሸለተለት። እነዚህ ከልክ ያለፉ ናቸው፤ የተለመደችው የብሪታንያ እንስት በግ በዓመት የምትሰጠው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ችግሩ ግን ከኪሎው ይልቅ በዝናብ ላይ ነው። የሱፍ ጭረት ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚሆን እርጥበት ወደ ውስጡ መምጠጥ የሚችል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በጭረቶቹ መካከል ውሃ ይታገታል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሲዘንብባት ያደረች በግ ጠዋት ስትነሣ በጀርባዋና በጎኗ ላይ ብዙ ተጨማሪ ክብደት ተጭኖባት ታገኘዋለች።

የሰውነት ቅርጹም ታሪክ አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ሌስተርሺር፣ ዲሽሊ በተባለ ስፍራ ይኖር የነበረው ሮበርት ቤክዌል (1725–1795) አውራውንና እንስቷን እየመረጠ በቅርብ ዘመድ በማዳቀል፣ አጥንቱ ቀጭን፣ እግሩ አጭር፣ ደረቱ ክብ፣ ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ፣ ቶሎ የሚሰባ በግ አወጣ፤ ይህም አዲሱ ሌስተር ተባለ። በደቡብ እንግሊዝ ጆን ኤልማን በሳውዝዳውን ዝርያ ላይ ያደረገው ማሻሻያ ወደዚያው አቅጣጫ ያመራ ነበር። በዘመኑ የኢንዱስትሪ ከተሞች እየሰፉ፣ የሠራተኛው ሕዝብ የሥጋ ፍላጎት እያደገ ስለ ነበር፣ እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ ለአገራቸው ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል። ዋጋው ግን በጎቹ ላይ ወደቀ። ዛሬም በሥጋ ምርታቸው የሚወደዱት ቴክሰልና ሳፎክን የመሳሰሉት ጡንቻቸው የወፈረ ዝርያዎች፣ ከተራራ ዝርያዎች ይልቅ ተንጋለው ሲቀሩ ይገኛሉ። ሥጋ ሻጩ በአድናቆት የሚዳስሰው ጠፍጣፋ ጀርባ በጓ ስትወድቅ ከመሬት ጋር የሚያጣብቃት ያው ጀርባ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እርግዝና ነው። የበግ እርግዝና በአማካይ 147 ቀናት ያህል የሚቆይ ሲሆን፣ የግልገሉ ክብደት አብዛኛው፣ ወደ ሰባ በመቶ የሚጠጋው፣ የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። መንታ ወይም ሦስት የያዘች በግ በእነዚህ ሳምንታት ሆዷ እስከ መሬት ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ለመተኛት ስትንበረከክ ሚዛኗን ትስታለች፣ ከተኛችም በኋላ ለመነሣት ስትወዛወዝ ወደ ኋላዋ ትገለበጣለች። በብሪታንያ ቆላማ አካባቢዎች በጎች በብዛት የሚወልዱት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ ሲሆን፣ የሚሸለቱት ደግሞ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። የዓመቱን ሥራ እንዲህ ያቀናበረው አርቢ ሳያስበው ከባዱን እርግዝና፣ የረዘመውን ጠጉርና ጋዝ የሚያበዛውን ለምለም ሣር በተከታታይ ወራት ውስጥ አገናኝቷቸዋል፤ አደጋው በጸደይና በበጋው መግቢያ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የከበደች በግ ሁሉ ግን አትወድቅም፤ ብዙ ጊዜ ወደ መሬት የሚጥላት ማሳከክ ነው። በጀርባዋ ላይ የሚበላትን ቦታ አፏም ሰኮናዋም ስለማይደርስበት መሬት ላይ ተንከባልላ ለማከክ ትሞክራለች፣ ያንጊዜም ከመካከሉ አልፋ መመለስ ያቅታታል። የሚያሳክኩት ቅማል፣ መዥገር፣ ክንፍ የሌለው ደም መጣጭ የበግ ዝንብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበግ እከክ ናቸው። የበግ እከክ ሶሮፕቴስ ኦቪስ በምትባል፣ ዕድሜዋን በሙሉ በበግ ቆዳ ላይ በምታሳልፍ ጥቃቅን ተባይ የሚመጣ በሽታ ነው። ብሪታንያ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአገሯ አጥፍታው ነበር፤ በ1973 ተመልሶ ገባ፤ መንግሥት በጎች ሁሉ በመድኃኒት ውሃ እንዲነከሩ የሚያስገድደውን ደንብ በ1992 ሲያነሣ ደግሞ እንደገና ተስፋፋ። ከእከኩ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ አንዱ አርቢ ብቻውን ቢያክም ጎረቤቱ ካላከመ በአጥር ላይ ተመልሶ ይመጣበታል፣ ደንቡም የተነሣው ያለ ጊዜው ነበር ለማለት ያስደፍራል።

መሬቱም የራሱ ድርሻ አለው። በመካከለኛው እንግሊዝ ዛሬ ሣር የለበሱ ብዙ መስኮች በመካከለኛው ዘመን በበሬ ሲታረሱ የኖሩ ናቸው፤ ገበሬዎቹ አፈሩን ወደ አንድ ወገን እያገላበጡ ለብዙ ትውልድ በማረሳቸው፣ ጉብ ያሉ ረጃጅም መደቦችና በመካከላቸው የሚሄዱ ጎድጓዳ ትልሞች ተፈጥረዋል። ባለርስቶቹ በኋላ ሱፍ ከእህል ይልቅ ስለሚያዋጣቸው ማሳዎቹን አጥረው ለበግ ሲለቋቸው፣ ትልሞቹ በሣሩ ሥር እንዳሉ ቀሩ። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ የተወደደ ቅርስ ነው፤ ለወፍራም በግ ግን ስፋቱ ልክ ጀርባዋን የሚይዝ፣ ግራና ቀኙ የሚያግዳት ጉድጓድ ነው። የትራክተር ጎማ የቆፈረው ፈር፣ ደረቅ ቦይና የተዳፋት መሬት ግርጌም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከላይ የተነገረው ሁሉ ሲታይ መከላከያው ከየት መጀመር እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ሽለታው ይቀድማል። በብሪታንያ በጎቻቸውን ክረምቱን በጋጣ የሚያቆዩ አርቢዎች ያረገዙትን በጋጣው ውስጥ እንዳሉ ይሸልቷቸዋል፤ እነዚህ በጎች ስለሚቀዘቅዛቸው መኖ በደንብ ይበላሉ፣ የሚወልዷቸው ግልገሎችም ክብደታቸው የተሻለ ይሆናል። በኒውዚላንድ ደግሞ በጎቹ በመስክ እያሉ ከመውለዳቸው በፊት መሸለት የቆየ ልማድ ነው፤ ብርድ እንዳይገድላቸው በቆዳው ላይ ጥቂት ሱፍ የሚያስቀር ልዩ የመቀስ ማበጠሪያ ይጠቀማሉ። ክረምቱ በሚከብድበት አገር መጠለያና ተጨማሪ መኖ ሳይዘጋጅ ይህን መሞከር በጓን ከአንዱ ሞት አውጥቶ ለሌላው መስጠት ነው። በጸደይ የሚሸልት አርቢም ቢሆን ሙቀቱ እንደገባ ሳይዘገይ መሸለት፣ እስከዚያውም በጭራና በጭን ዙሪያ ያለውን የቆሸሸ ጠጉር መቁረጥ ይችላል። በብሪታንያ የሱፍ ዋጋ በብዙ ዓመታት የሸላቹን ክፍያ እንኳ ስለማይሸፍን፣ አርቢዎች ሽለታውን ማዘግየታቸው አይገርምም፤ አንዲት መንታ ያረገዘች በግ ስትሞት የምታሳጣው ገንዘብ ግን የብዙ በጎችን የሽለታ ክፍያ የሚችል ነው። በዚህ ምክንያት ጠጉራቸው በራሱ የሚረግፈው ዝርያዎች፣ ጥንታዊው ዊልትሺር ሆርንና ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት የተዳቀለው ኢዚኬር፣ ፈላጊያቸው እየበዛ መጥቷል።

ተባዮቹን በሚመለከት፣ መድኃኒት ከመስጠት በፊት የሚያሳክከው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቅማል መድኃኒት ለእከክ፣ የእከክ መርፌም ለቅማል ላይሠራ ይችላልና። መርፌው ያለ ምርመራ በብዛት በመወጋቱ በብሪታንያ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ የእከክ ተባዮች ብቅ ብለዋል። አዲስ የተገዙ በጎች ከመንጋው ሳይቀላቀሉ ለብቻቸው ቆይተው ሊመረመሩ ይገባል። አንዳንዶች በጎቹ እንዲታከኩበት በመስኩ ላይ ግንድ እንዲተከል ይመክራሉ፤ ነገር ግን አንዷ ስትታከክበት የተወችውን ተባይ ሌላዋ ስለምትወስደው፣ እከክ ባለበት መንጋ ይህ ምክር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ስለ ውፍረት የሚሰጠው ምክር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አርቢዎች የበጓን ወገብ በእጃቸው ዳብሰው ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ የሰውነቷን ሁኔታ ይመዝናሉ፤ 1 አጥንቷ የወጣ ከሲታ፣ 5 ደግሞ አጥንቷ በስብ የተሸፈነ ማለት ነው። የቆላ በግ ለአውራ ስትቀርብ 3 ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ብትሆን ይበቃታል፤ 4ን አልፋ ወደ እርግዝናው መጨረሻ የምትደርስ በግ ለመንጋለል የተዘጋጀች ናት። ሆኖም ውፍረቷን የሚያስተካክለው አርቢ ይህን ማድረግ ያለበት በእርግዝናው መጀመሪያና ከዚያ በፊት ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መኖ ቢቀንስባት፣ በተለይ መንታ የያዘችው፣ ለግልገሎቿ የሚሆን ኃይል ከገዛ ስቧ ለማውጣት ስትሞክር ደሟ ይመረዛል፤ ይህ የእርግዝና መመረዝ የሚባለው በሽታ ከመንጋለል የማይተናነስ ገዳይ ነው። ስለ መሬቱ የሚባለው አጭር ነው፤ ጉድጓዱ ይደፈን፣ ፈሩ ይስተካከል፣ ይህ ካልተቻለ ወይም ትልሙ በቅርስነት የሚጠበቅ ከሆነ ያረገዙና ያልተሸለቱ በጎች በሌላ መስክ ይሰማሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የምትወድቅ አትጠፋም፤ ስለዚህ የሚያይ ዐይን ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ሕግ፣ በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ዐዋጅና በ2007 የተከተለው ደንብ፣ አርቢው እንስሳቱን ከሥቃይ ለመጠበቅ በሚበቃ የጊዜ ልዩነት እንዲጎበኝ ያስገድደዋል። ጋዙ በሰዓታት የሚገድል ከሆነ ግን በመውለጃውና በሽለታው ዋዜማ በቀን አንድ ጊዜ መጎብኘት አይበቃም፤ ጠዋት ማልዶና ማታ ከመጨለሙ በፊት መስኩን መዞር ግድ ነው፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መሄድ ይገባል። በኬንያ ተወልዶ በካናዳ በጎች ያረባው ጸሐፊ ፊሊፕ ኬለር፣ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኢትዮጵያ የመዝሙር ቁጥር 22ኛ የሆነውን ስለ እረኛው የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር ሲተረጉም፣ እረኛው የተንጋለለችውን በግ ፈልጎ የሚያቃናበትን ሥራ ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። ትርጓሜው የሊቃውንቱ ጉዳይ ነው፤ ያየው ነገር ግን የእረኛ ልምድ መሆኑ አያጠራጥርም።

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የዚህ አደጋ ምክንያቶች እምብዛም አብረው አይገኙም። የመንዝ በግ አጥንቷ አነስተኛ፣ ጠጉሯ ሻካራ፣ ስቧም በጀርባዋ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ በላቷ የሚከማች ነው፤ ወላይዋም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ደግሞም ቀኑን ከእረኛ ጋር፣ ሌሊቱን በበረት ወይም በቤት ስለምታሳልፍ ብትወድቅ እንኳ የሚያያት አላት። ሁለት ነገሮች ግን ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛው፣ በቅማልና በደም መጣጭ ዝንብ ምክንያት የሚመጣውና በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ «እከክ» በሚል ስሙ የታወቀው፣ ከላይ ከተነገረው የበግ እከክ የተለየው የቆዳ ብልሽት በደጋው በጎች ላይ የተስፋፋ መሆኑ ነው፤ ለቆዳ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ተብሎ የሚደረገው የተባይ ቁጥጥር በጓንም ከዕረፍት ማጣት ያድናታል። ሁለተኛው፣ በደብረ ብርሃንና በመንዝ አመድ ጉያ ያሉት የማዳቀያ ማዕከላት አዋሲንና ዶርፐርን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎችን ከአገሬው ጋር ሲያዳቅሉ መቆየታቸው ነው። የተሻለ ሥጋ መፈለግ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰፊ ጀርባ የተቀበለ አርቢ ግን ቀድሞ ከማያውቀው ጥንቃቄ ጋር እንደ ተቀበለው ሊነገረው ይገባል።

የወደቀች በግ ስትገኝ የሚደረገው እንዲህ ነው። ሰውየው ሳይሮጥ፣ ሳይጮኽ፣ በጀርባዋ በኩል ይቀርባታል፤ ከፊቷ ቢመጣ የምታወናጭፈው እግር ይመታዋልና። አንድ እጁን በትከሻዋ፣ ሌላውን በታፋዋ ሥር አስገብቶ ወደ ጎኗ፣ ከዚያም ወደ ደረቷ ያገላብጣታል፤ በእግሯ ወይም በቀንዷ መጎተት መገጣጠሚያዋን ይጎዳል፣ ጠጉሯን ብቻ ይዞ ማንሣትም ቆዳዋን ያቆስላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። በጓ እንደ ቆመች የሚለቃት ሰው ጥቂት ሳይርቅ ተመልሳ ስትወድቅ ያያታል፤ እግሮቿ ደም አጥሯቸው ደንዝዘዋል፣ ሚዛኗም ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ጎኗን በጉልበቱ ደግፎ፣ አግስታ ጋዙን እስክታስወጣና በራሷ እስክትጸና ድረስ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆይ። ግራ ጎኗ ከበሮ እስኪመስል የተነፋና ማግሳት ያልቻለች ከሆነ በአፏ ቱቦ አስገብቶ ጋዙን የሚያወጣ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል። ቆማ መራመድ የማትችል፣ የምትንቀጠቀጥ ወይም ራሷን ወደ ኋላ የምታጥፍ በግ ደግሞ የካልሲየም እጥረት ወይም የእርግዝና መመረዝ ይዟት ሊሆን ስለሚችል፣ መውደቋ የሌላ በሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የወደቀች በግ ዳግመኛ መውደቋ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ምልክት ተደርጎባት ወደ ጋጣ ትግባ ወይም ቀድማ ትሸለት።

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የእግረኛ መንገዶች በግጦሽ መስኮች መካከል ያልፋሉ፤ በእነዚህ አገሮች የሚኖሩና በዕረፍት ቀናቸው ወደ ገጠር የሚወጡ አንባብያንም በጸደይ ወራት እንዲህ ያለች በግ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በሰው ንብረት ላይ እጅ ማሳረፍ እንዳይሆን ብሎ ማለፍ አያስፈልግም፤ አርቢው የሚመርጠው እንድትቃና ነው። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ውሻውን ያስርና ያርቅ፣ በጓን ያገላብጥ፣ እስክትጸና ይደግፋት፣ ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለው የእርሻ ቤት ጎራ ብሎ የት መስክ እንደ ወደቀችና በጆሮዋ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር ለባለቤቱ ይንገር።